የሉክአፕ መስክ ወሰኖችና መሻገሪያዎቻቸው፤ በደንበኞች ግንኙነት ሶፍትዌር ላይ የተደረገ ዳሰሳ

የደንበኞችን ጉዳይ በመዝገብ የሚይዙት፣ በተለምዶ ሲአርኤም እየተባሉ የሚጠሩት ሶፍትዌሮች በየመሥሪያ ቤቱና በየንግድ ቤቱ ከገቡ ወዲህ፣ በእነርሱ የሚሠራ ሰው ሁሉ ሳይውል ሳያድር ከሚያማርርባቸው ነገሮች አንዱ ሉክአፕ የተባለው መስክ ነው። መስኩ ለዐይን እጅግ ቀላል ይመስላል፤ በፎርሙ ላይ ባለች ትንሽ ሣጥን ጥቂት ፊደላት ሲጽፉባት የስም ዝርዝር ትዘረጋለች፣ ከዝርዝሩ አንዱን ሲመርጡም ሣጥኗ ያንን ስም ይዛ ትቀመጣለች። ነገር ግን ያው ሰው ጥቂት ቆይቶ በአንዲቱ ሣጥን ሁለት ስም ማኖር ሲፈልግ፣ ወይም ከስሙ ጋር ስልኩን ማየት ሲሻ፣ ወይም ዝርዝሩ በከተማ ተለይቶ እንዲመጣለት ሲጠይቅ፣ አይሆንም የሚል መልስ ያገኛል፤ ባለሙያውም የጎን መንገድ መፈለግ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። እነዚህ የጎን መንገዶች ዛሬ እጅግ በዝተዋል፤ አንዳንዶቹ ሊመሰገኑ የሚገባቸው ብልኀቶች ሲሆኑ፣ አንዳንዶቹ ዛሬ ያቃለሉትን ሸክም ነገ አብዝተው የሚመልሱ ናቸው፤ የዚህም ሐተታ ዐላማ ሁለቱን ወገን መለየት ነው።

ለመለየት ግን አስቀድሞ የመስኩን ባሕርይ ማወቅ ያሻል። ሌሎች መስኮች የተጻፈባቸውን ነገር ራሱን ይይዛሉ፤ ሉክአፕ የሚይዘው የሌላ መዝገብ መለያ ብቻ ነው። የብራና ጸሓፊ የሌላውን መጽሐፍ ቃል በሙሉ ከመገልበጥ ይልቅ በኅዳጉ ላይ ስፍራውን የሚጠቁም ምልክት እንደሚያኖር ሁሉ፣ ይህም መስክ የሚያመለክተው ስፍራውን እንጂ ቃሉን አይደለም። ሴልስፎርስ በተባለው ሲአርኤም ይህ ምልክት 15 ወይም 18 ፊደላትና አኀዞች ያሉት መለያ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ሦስቱም የመዝገቡን ዐይነት ይናገራሉ፣ 001 ሲሆን ድርጅት፣ 003 ሲሆን ሰው፣ 006 ሲሆን የሽያጭ ዕድል መሆኑ ይታወቃል። በማይክሮሶፍት ዳይናሚክስ ምልክቱ ጉይድ የሚባል ባለ 32 ምልክት ረዥም ቁጥር ሲሆን፣ ኮዱ ለሁሉ ክፍት በሆነው በኦዱ ደግሞ ተራ ቁጥር ብቻ ነው። ተጠቃሚው በስክሪኑ ላይ የሚያነበው ስም ከተመለከተው መዝገብ በየጊዜው እየተነበበ የሚመጣ ነው፤ ስለዚህም ድርጅቱ ስሙን ቢለውጥ አንድ ስፍራ ማረም ይበቃል፣ በሺሕ የሚቈጠሩት ጠቋሚዎችም ሁሉ በቅጽበት ይታረማሉ። ወሰኑን ሁሉ የምንታገሠው ስለዚህ አንድ ታላቅ ጥቅም ነው።

ነገሩ ጥንተ ክርክር አለው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ዓመታት ቻርልስ ባክማን የተባለው አሜሪካዊ በጄኔራል ኤሌክትሪክ የሠራው የመረጃ ቋት መዝገብን ከመዝገብ የሚያያይዘው በጠቋሚ ነበር፤ ፕሮግራም ጸሓፊውም ከአንዱ ወደ ሌላው በጠቋሚው እየተመራ ይጓዝ ነበር። በ1970 በአይቢኤም የሳን ሆዜ ቤተ ሙከራ ይሠራ የነበረው እንግሊዛዊው ኤድጋር ኮድ ግን፣ ግንኙነት ሁሉ መገለጥ ያለበት በሠንጠረዦቹ ውስጥ በሚገኘው ዋጋ እንጂ በተሰወረ ጠቋሚ አይደለም የሚል ጽሑፍ አወጣ፤ ሁለቱም ሊቃውንት የኮምፒዩተር ሳይንስ ከፍተኛ ክብር የሆነውን የቱሪንግ ሽልማት፣ ባክማን በ1973፣ ኮድ በ1981 ተቀብለዋል። የዛሬው ሉክአፕ ከሁለቱም የተወለደ ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም፤ ከበስተጀርባው ኮድ ያስተማረው፣ የሌላውን ሠንጠረዥ መለያ የሚይዘው የውጭ ቁልፍ አለ፣ ለተጠቃሚው የሚቀርበው ግን በባክማን ሥርዐት፣ ተጭነው የሚከተሉት ጠቋሚ ሆኖ ነው።

ከዚህ ተነሥተን ስንመለከት የመስኩ ወሰኖች በሁለት ወገን ይከፈላሉ፤ አንዱን የባሕርይ ወሰን፣ ሁለተኛውን የድንጋጌ ወሰን ልንለው እንችላለን። የባሕርይ ወሰን የሚባለው አንድ ጠቋሚ አንድ መዝገብ ብቻ መጠቈሙ፣ የዛሬውን እንጂ የትናንቱን አለማሳየቱ፣ ደግሞም ስለ ግንኙነቱ ስለ ራሱ፣ መቼ እንደ ጀመረና ምን ዐይነት እንደ ሆነ፣ አንዳች አለመናገሩ ነው። የድንጋጌ ወሰን ደግሞ ሻጩ ኩባንያ፣ ብዙ ሺሕ ደንበኞች በአንድ የሰርቨር ማኅበር ስለሚኖሩ አንዱ የሌላውን ድርሻ እንዳይበላ ሲል የወሰነው ቍጥር ነው፤ ለምሳሌ በሴልስፎርስ አንድ ሠንጠረዥ ሊኖሩት የሚችሉት የግንኙነት መስኮች በመደበኛው 40 ሲሆኑ፣ ከእነዚህም ማስተር ዲቴይል የተባሉት፣ ልጁን ያለ ወላጁ እንዳይኖር የሚያስሩት፣ ከሁለት አይበልጡም። የድንጋጌውን ወሰን በብልኀት ማለፍ ነውር የለበትም፤ የባሕርዩን ወሰን ግን በብልኀት አልፋለሁ የሚል ሰው ብዙውን ጊዜ ሞዴሉን መለወጥ ሲገባው መልኩን ብቻ ይለውጣል። በየቦታው የሚታየው ጥፋት ዐቢይ ምክንያቱ፣ እኔ እንደማምነው፣ የባሕርዩን ወሰን እንደ ድንጋጌው ወሰን መቍጠር ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ የሚመጣው የአንድነቱ ጉዳይ ነው። አንድ ሰው የአንድ ኃላፊነቱ የተወሰነ ማኅበር ሥራ አስኪያጅ፣ የሌላው ባለ አክሲዮን፣ የሦስተኛው ደግሞ ጠበቃ ሊሆን ይችላል፤ የሰውየው መዝገብ ግን «ድርጅት» የሚል አንድ ሉክአፕ ብቻ አለው። እዚህ ላይ በችኰላ የሚመጣው መፍትሔ «ድርጅት 1»፣ «ድርጅት 2»፣ «ድርጅት 3» ብሎ መስክ መደርደር ነው፤ ይህ መፍትሔ ለአንድ ሳምንት ያገለግላል፤ ከዚያ በኋላ «የዚህ ድርጅት ሰዎች እነማን ናቸው» የሚል ሪፖርት ሲጠየቅ ሦስቱን መስኮች ሦስት ጊዜ መፈለግ ግድ ይሆናል፣ አራተኛ ድርጅት ያለው ሰው ሲመጣም ሥርዐቱ ይፈርሳል። ሁለተኛው የችኰላ መንገድ ብዙ ምርጫ የሚቀበለውን የምርጫ ዝርዝር መጠቀም ነው፤ ዳይናሚክስ ይህን ከ2017 ጀምሮ ሰጥቷል፣ ሴልስፎርስም ከጥንት ጀምሮ አለው፤ ነገር ግን በዝርዝሩ ውስጥ የሚጻፈው ቃል ብቻ ስለ ሆነ ከቃሉ በስተጀርባ መዝገብ የለም፣ ተጭነውት የትም አይደርሱም።

የተመሰገነው መንገድ ግንኙነቱን ራሱን መዝገብ ማድረግ ነው። በሁለቱ ሠንጠረዦች መካከል ሦስተኛ ይቆማል፤ እርሱም ወደ ሰውየው የሚያመለክት አንድ ሉክአፕ፣ ወደ ድርጅቱ የሚያመለክት ሌላ ሉክአፕ፣ ከእነዚህም ጋር ሚናውን፣ የተጀመረበትንና ያበቃበትን ቀን ይይዛል። ሴልስፎርስ የሚፈቅዳቸው ሁለቱ ማስተር ዲቴይል መስኮች ተስማምተው የሚሠሩት በእንዲህ ያለው አገናኝ ሠንጠረዥ ላይ ነው፤ ለሰውና ለድርጅት ግንኙነትም ሚናንና ቀንን የሚይዝ የተዘጋጀ ሠንጠረዥ ስላለው፣ አስተዳዳሪው አዲስ ከመፍጠሩ በፊት ይህን መክፈት ይበቃዋል። ዞሆ የተባለው ሶፍትዌር ብዙ የሚቀበል ሉክአፕ ሲሰጥ ከበስተጀርባው አገናኝ ሞጁል ይፈጥራል፤ ሐብስፖት የተባለው ደግሞ ግንኙነትን በመስክ ሳይሆን ለብቻው በቆመ፣ ስያሜም ሊሰጠው በሚችል ማያያዣ ያኖራል። ዳይናሚክስ የብዙ ለብዙ ግንኙነትን በአንድ ጠቅታ ይሠራል፤ ነገር ግን በዚያ ጊዜ የሚፈጠረው መካከለኛ ሠንጠረዥ ስውር ነው፣ ሌላ መስክ ሊጨመርበት አይችልም፤ ዛሬ «ከማን ጋር» ብቻ የጠየቀው ሥራ አስኪያጅ ነገ «ከመቼ ጀምሮ» ማለቱ የማይቀር ስለ ሆነ፣ ስውሩን ትቶ ግልጹን ሠንጠረዥ በእጅ መሥራት ይሻላል። በዚህ መንገድ የሚነሣው ቅሬታ ተጠቃሚው ሁለት ጊዜ መጫን ይበዛበታል የሚል ነው፤ እውነት ነው፣ ይበዛበታል፤ ይሁን እንጂ አንዱ መሻገሪያ ብዙ ወሰኖችን በአንድ ጊዜ ስለሚያነሣ፣ የአንድነቱን ብቻ ሳይሆን የዘመኑንና የግንኙነቱን ዐይነት ችግር ስለሚፈታ፣ ዋጋው የሚከፈልበት ነው።

ከአንድነት ቀጥሎ የዐይነት ጥያቄ ይመጣል፤ ይኸውም አንዱ ሉክአፕ አንዴ ወደ ሰው፣ አንዴ ወደ ድርጅት እንዲያመለክት ሲፈለግ ነው። ሻጮቹ ራሳቸው ይህን መብት ለራሳቸው መስኮች ወስደዋል፤ በሴልስፎርስ የሥራ ተግባር መዝገብ «ማን» እና «ምን» የሚሉት መስኮች ወደ ልዩ ልዩ ሠንጠረዥ ያመለክታሉ፣ በዳይናሚክስም «ደንበኛ» የተባለው መስክ ሰውንም ድርጅትንም ይቀበላል። ለተራው አስተዳዳሪ ግን ሴልስፎርስ ይህን አልፈቀደም፤ ስለዚህ ሁለት ሉክአፕ አኑሮ ከሁለቱ አንዱ ብቻ እንዲሞላ የሚያስገድድ የማረጋገጫ ሕግ መጻፍ፣ ለሪፖርትም ከሁለቱ የተሞላውን የሚያሳይ የቀመር መስክ መጨመር የተለመደ ሆኗል። ይህ መንገድ ውበት ይጐድለዋል፤ እውነቱን ግን አይሰውርም፣ ሁለቱም ጠቋሚዎች በመረጃ ቋቱ ጥበቃ ሥር ናቸውና። የሚያስፈራው ሌላው ነው፤ መለያውን በተራ የጽሑፍ መስክ ጽፎ ሊንክ የሚያስመስለው። እንዲህ ያለው ጽሑፍ የተጠቆመው መዝገብ ሲሰረዝ አያውቅም፣ ወደ ባዶ ስፍራ እያመለከተ ይኖራል። ኦዱ ሪፈረንስ የሚለው መስክም የሞዴሉን ስምና ተራ ቍጥሩን በጽሑፍ የሚያኖር ስለ ሆነ፣ ምቾቱን ስንቀበል ይህን ድካሙን ማወቅ ይገባናል።

የፍለጋው ነገር ሲነሣ ለሀገራችን ሰው የተለየ ነው፣ ስለዚህም ጥቂት ልዘግይበት። ሉክአፕ በባሕርዩ ከተጠቆመው መዝገብ ስሙን ብቻ ያሳያል፤ የሶፍትዌሩ ሠሪዎችም ስም ሲሉ የግል ስምና የቤተሰብ ስም ማለታቸው ነው፣ ሴልስፎርስም የኋለኛው ባዶ እንዲሆን አይፈቅድም። የእኛ ስም ግን የራስ፣ የአባትና የአያት ስለ ሆነ፣ የአባት ስም በቤተሰብ ስም ስፍራ ይገባል፣ አያትም በአብዛኛው ከደጅ ይቀራል፤ ውጤቱም ተስፋዬ ከበደ የሚል ስም በሣጥኗ ሲጻፍ ዐሥር ተስፋዬ ከበደዎች ያለ አንዳች መለያ ተሰልፈው መምጣታቸው ነው። ለዚህ ቀላሉ መድኀኒት ከሻጩ ዘንድ አለ፤ በዳይናሚክስ ሉክአፑ የሚጠቀምበትን የዝርዝር እይታ ከፍቶ ስልክንና ከተማን በሁለተኛና በሦስተኛ ዐምድ ማኖር፣ ፈጣን ፍለጋ በሚባለው እይታም ስልኩ እንዲፈለግ መፍቀድ ነው፤ በሴልስፎርስም ከስሙ ሥር ሁለተኛ መስክ እንዲታይ የፍለጋውን አቀማመጥ ማስተካከል ይቻላል። ከዚህ አልፎ ስሙን ራሱን ፍሎው በሚባለው ያለ ኮድ በሚዘጋጅ የሥራ ቅደም ተከተል ወይም ፕለጊን በሚባለው በሰርቨር ላይ በሚሠራ ኮድ አቀናብሮ፣ አያትንና የስልክን የመጨረሻ አኀዞች ጨምሮ የሚጽፍ አለ። ይህን ከማድረግ በፊት ግን ስም የትም የሚታይ መሆኑን ማሰብ ያስፈልጋል፤ ሴልስፎርስ ሉክአፕ ላይ ያለን ስም ለማየት የመዝገቡን ፈቃድ የሚጠይቅ ልዩ መቈጣጠሪያ ማውጣቱ ራሱ፣ ያ መቈጣጠሪያ ካልተከፈተ መዝገቡን ማየት የማይፈቀድለት ሰው ስሙን ሊያይ እንደሚችል ይመሰክራል። በስም ውስጥ የተሸሸገ ስልክ እንግዲህ የተሸሸገ አይደለም።

ከዚህ የሚከብደው የሞክሼ ፊደላት ነገር ነው። ሀ፣ ሐ እና ኀ ለጆሯችን አንድ ቢሆኑም በዩኒኮድ ሦስት ልዩ ልዩ ቍጥሮች ናቸው፤ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ እንዲሁ። ግእዝ ፊደል ወደ ዩኒኮድ የገባው በ1999፣ በሦስተኛው እትም ነው። ሉክአፕ የሚያነጻጽረው ቍጥርን ከቍጥር እንጂ ድምፅን ከድምፅ ስላልሆነ፣ ፀሐይ የተባለችው ደንበኛ ከሁለቱ ጸ እና ከሦስቱ ሀ ብቻ በስድስት መንገድ ልትጻፍ ትችላለች፣ በአንዱ የመዘገባት ሠራተኛ በሌላው ሲፈልጋት አያገኛትም፣ ስላላገኛትም ሁለተኛ ጊዜ ይመዘግባታል። እንግዲህ የብዙ መሥሪያ ቤት ድርብ መዝገብ ከዚህ ይመነጫል።

መሻገሪያው ሁሉንም ሞክሼ ወደ አንድ ፊደል የሚመልስ ስውር የፍለጋ ቁልፍ ማኖር ነው፤ ዳሩ ግን እዚህ ላይ ብዙዎች የማያስተውሉት መሰናክል አለ። በሴልስፎርስ የቀመር መስክ በፍለጋ ማውጫ ስለማይገባ ቁልፉ በፍሎው ወይም በሴልስፎርስ የፕሮግራም ቋንቋ በኤፔክስ ተሰልቶ በእውነተኛ የጽሑፍ መስክ መጻፍ አለበት። ይህም ሆኖ የታረመው የተመዘገበው ስም ብቻ ነው፤ ተጠቃሚው በሣጥኗ የሚጽፈው ቃል ሳይታረም ይቀራል፣ የተዘጋው ሉክአፕም ያንን ቃል በመካከል ይዞ የማረም ዕድል አይሰጥም። ስለዚህ ወይ በቁልፉ ውስጥ የተለመዱትን አጻጻፎች ሁሉ ተራ በተራ ማኖር፣ ወይ የራስን የመምረጫ ሣጥን በኮድ መሥራት ግድ ነው። በኦዱ ግን የስም ፍለጋውን ተግባር በፓይተን መተካት ስለሚቻል፣ የተጻፈውም የተመዘገበውም በአንድ ወንፊት ያልፋሉ፤ ለአማርኛ ስም በዚህ ረገድ ክፍቱ ሶፍትዌር ከዝጉ እንደሚሻል ሳልጠራጠር እናገራለሁ።

ማጣራትን በተመለከተ፣ ድርጅቱ ከተመረጠ በኋላ የዚያ ድርጅት ሰዎች ብቻ እንዲመጡ ማድረግ በዳይናሚክስ ከፎርሙ ማስተካከያ ያለ ኮድ ይቻላል። ከዚህ የረቀቀ ሲፈለግ ዝርዝሩ ከመከፈቱ በፊት የሚሠራ ጃቫስክሪፕት ይጻፋል፤ ይህም ማጣሪያ የሚሠራው በተጠቆመው ሠንጠረዥ ዐምዶች ላይ ብቻ ስለ ሆነ፣ ወደ ሦስተኛ ሠንጠረዥ መሻገር የሚያሻው ሰው ሙሉ ጥያቄውን በዳይናሚክስ የመጠይቅ ቋንቋ በፌችኤክስኤምኤል ጽፎ የራሱን እይታ ለሉክአፑ መስጠት አለበት። ከሴልስፎርስ የሚለየው እዚህ ነው፤ የዳይናሚክስ ማጣሪያ በፎርሙ ላይ ያለ መጋረጃ ነው፣ መረጃ ከኤክሴል በጅምላ ሲገባ ወይም ከሌላ ሶፍትዌር ሲላክ አያግድም፣ ስለዚህ እውነተኛው ፍርድ በሰርቨር ላይ በፕለጊን መቀመጥ አለበት። የሴልስፎርስ አስገዳጅ የሉክአፕ ማጣሪያ በአንጻሩ መዝገቡ በየትኛውም መንገድ ሲቀመጥ ይመረመራል፤ ነገር ግን የተጠቆመው መዝገብ በኋላ ተለውጦ ማጣሪያውን ቢያፈርስ፣ ጠቋሚው ዳግመኛ እስኪቀመጥ ድረስ ማንም አይጠይቀውም።

አሁን ወደ መገልበጥ እንምጣ። ሉክአፑን የመረጠ ሰው ከወላጁ መዝገብ አድራሻው፣ የዋጋ ደረጃው፣ የዱቤ ጣሪያው ተከትለው እንዲመጡለት ይፈልጋል። ዳይናሚክስ የመስክ ማዛመጃ አለው፤ ይህ ግን የሚሠራው አዲሱ መዝገብ ከወላጁ ገጽ ላይ ሲፈጠር ብቻ ነው፣ ባዶ ፎርም ከፍቶ ሉክአፑን በኋላ የሚመርጥ ሰው አንዳች አይመጣለትም፤ የቢዝነስ ሕግ የሚባለውም መሣሪያ በሉክአፕ ተሻግሮ የወላጁን መስክ ሊያነብ አይችልም። ስለዚህ ማየት ብቻ የሚሻ ሰው ፈጣን እይታ የተባለውን ፎርም በፎርሙ ውስጥ ያኖራል፤ መያዝ የሚሻ ጃቫስክሪፕት ወይም ፍሎው ይጽፋል። ሴልስፎርስ ተሻጋሪ ቀመር ይፈቅዳል፤ አንድ ሠንጠረዥ በቀመሮቹ ሁሉ የሚሻገርባቸው ልዩ ልዩ ግንኙነቶች ግን በመደበኛው ከ15 አይበልጡም፤ ደግሞም ቀመሩ ተጠቃሚው በወላጁ ላይ ማየት የማይፈቀድለትን መስክ እንኳ አውጥቶ ያሳየዋልና፣ ደመወዝንና የዱቤ ጣሪያን በቀመር መሳብ ጥንቃቄ ይሻል።

እዚህ ላይ መገልበጥን በጅምላ የሚያወግዙትን ልቃወም እወዳለሁ። የደንበኛው የዛሬ ስልክ ሲፈለግ መገልበጥ ጥፋት ነው፣ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሁለት የተለያዩ ስልኮች ይኖራሉና፤ ነገር ግን ደረሰኝ የተላከበት አድራሻ፣ ዕቃው የተሸጠበት ዋጋ፣ የዚያ ቀን እውነት እንጂ የዛሬ እውነት አይደሉም። ዳይናሚክስ በደረሰኙ ላይ የሂሳብ መላኪያ አድራሻን በራሱ መስክ የሚያኖረው፣ ሴልስፎርስም የሽያጭ ዝርዝሩን ዋጋ ከዋጋ መዝገቡ ገልብጦ የሚያስቀምጠው ስለዚህ ነው፤ ባለ ሱቁ ዋጋውን ነገ ቢጨምር የትናንቱ ሽያጭ አብሮ መጨመር የለበትም። ሉክአፕ የዛሬን ብቻ ስለሚያሳይ፣ ያለፈውን የሚሹ ሁሉ መገልበጥ ግዳቸው ነው። ጥያቄው መገልበጥ ይገባል ወይስ አይገባም ሳይሆን፣ የተገለበጠው ነገር የማን ዘመን እውነት ነው የሚለው ነው።

መደመርስ? ከልጆቹ ወደ ወላጁ ድምርን ማውጣት በሴልስፎርስ የተፈቀደው ለማስተር ዲቴይል ብቻ ነው፣ እርሱም በመደበኛው ለአንድ ሠንጠረዥ 25 ሆኖ ተወስኗል። ሉክአፑን ወደ ማስተር ዲቴይል መለወጥ ይቻላል፤ ይህ ግን ከመዝገቦቹ አንዱ እንኳ ባዶ ካለው አይፈቀድም፣ ከተፈቀደም በኋላ ወላጁ ሲሰረዝ ልጆቹ አብረው ይሰረዛሉ፣ የማየት ፈቃዳቸውንም ከወላጁ ይወርሳሉ፤ ለአንድ ድምር ሲባል ይህን ሁሉ መቀበል ውድ ነው። ለዚህ ችግር አንድሩ ፎሴት የጻፈውና ለሁሉ የተለቀቀው፣ በአጭሩ ዲኤልአርኤስ የሚባለው መሣሪያ በሉክአፕ ላይ ድምርን ያለ ኮድ ያስገኛል፤ ዛሬም በበጎ ፈቃደኞች ይጠበቃል፣ በተለይ በበጎ አድራጎት ድርጅቶች ዘንድ የታወቀ ነው። ዳይናሚክስ ከ2015ቱ እትም ጀምሮ የሮልአፕ መስክ ሰጥቷል፤ ነገር ግን ስሌቱ የሚታደሰው ቢፈጥን በየሰዓቱ ስለ ሆነ፣ ደንበኛው ፊት ለፊት ቆሞ ቀሪ ሂሳቡን የሚጠይቅበት ስፍራ አይበቃም፤ እዚያ ፕለጊን ይሻላል።

ወሰን ወሰንን እንዴት እንደሚወልድ ለማየት ከሚከተለው የተሻለ አብነት አላውቅም። በሴልስፎርስ የድርጅት ሉክአፑ ባዶ የሆነ ሰው ከባለቤቱና ከአስተዳዳሪዎቹ በቀር ለማንም አይታይም። ይህን ለማለፍ ብዙዎች «ያልተመደበ» የሚል አንድ ሐሰተኛ ድርጅት ፈጥረው ድርጅት የሌላቸውን ግለሰቦች ሁሉ ወደ እርሱ ያመለክታሉ። ችግሩ ለጊዜው ይፈታል፤ ግለሰቦቹ ሲበዙ ግን ሌላ ይወለዳል። ኩባንያው በአንድ ድርጅት ሥር ከ10,000 በላይ ልጆች እንዳይሰበሰቡ ይመክራል፤ አንዱን ልጅ የሚያስቀምጥ ሥራ ወላጁን ለጥቂት ጊዜ ስለሚቈልፍ፣ በአንድ ሰዓት ብዙ ሥራዎች ሲሮጡ አንዱ ሌላውን እየጠበቀ መጨረሻው መዝገቡን መቈለፍ አልተቻለም የሚል ስሕተት ይሆናል። ከዚያም ሦስተኛ መሻገሪያ ይመጣል፤ «ያልተመደበ 1»፣ «ያልተመደበ 2» እየተባለ ሐሰተኛው ድርጅት ይባዛል። የነገሩ ነቅዕ ግን ግለሰብን ያለ ድርጅት ለመመዝገብ መፈለግ ነበር፤ ለእርሱም ፐርሰን አካውንት የሚባል የተዘጋጀ ሞዴል አለ፤ አንዴ ከተከፈተ የማይዘጋ ስለ ሆነ ብዙዎች ይፈሩታል፣ ሦስት እርከን ሐሰተኛ ድርጅት ከመገንባት ግን እርሱን መርምሮ መወሰን ይቀላል።

መረጃን በጅምላ ስለ ማስገባት ጥቂት ብቻ ልናገር። ስምን ተከትሎ ማያያዝ ከላይ ባልነው ምክንያት አይታመንም፤ በሴልስፎርስ ኤክስተርናል አይዲ፣ በዳይናሚክስ ተለዋጭ ቁልፍ የሚባለውን፣ ለምሳሌ የግብር ከፋይ መለያ ቍጥርን፣ አኑሮ በእርሱ ማያያዝ ይገባል። አንድ ስውር ወጥመድ አለ፤ ባለ 15 ምልክቱ የሴልስፎርስ መለያ በትንሹና በትልቁ የላቲን ፊደል መካከል ይለያል፣ የኤክሴል ቪሉክአፕ ግን አይለይም፤ ስለዚህ ሁለት የተለያዩ ደንበኞች በኤክሴል ዐይን አንድ ሆነው የአንዱ ዕዳ ለሌላው ሊጻፍ ይችላል። ባለ 18 ምልክቱ የተሠራው ይህን ለማዳን ነው፤ ከኤክሴል ጋር ሥራ ያለው ሰው ሁልጊዜ እርሱን ያውጣ።

የቀረው አሮጌው መሻገሪያ ወሰኑ ከተነሣ በኋላ ምን ይሁን የሚለው ነው። ማይክሮሶፍት ወደ ብዙ ሠንጠረዥ የሚያመለክተውን ሉክአፕ ዳይናሚክስ በሚቆምበት የመረጃ ቋት፣ በዳታቨርስ ላይ ለሁሉ ከፈተ፤ መስኩን የሚፈጥረው ፕሮግራም ጸሓፊ በኤፒአይ፣ ያልሆነውም ኤክስአርኤም ቱልቦክስ በሚባለው ነጻ መሣሪያ በኩል ነው። ከዚያ በፊት ሁለትና ሦስት ሉክአፕ ደርድረው የኖሩ መሥሪያ ቤቶች ግን አብዛኛዎቹ እንደ ነበሩ ቀርተዋል፤ የሚሠራውን ማን ይነካል በሚል። ለመለወጥ የሚፈልግ ሰው አዲሱን መስክ ጐን ለጐን ያኖራል፣ አሮጌዎቹን ዋጋዎች በጅምላ ይገለብጣል፣ ፎርሙን፣ እይታውንና ሪፖርቱን ወደ አዲሱ ያዞራል፣ አሮጌው መስክ በማን እንደሚጠራ ሶፍትዌሩ በሚያወጣው የጥገኞች ዝርዝር ይመረምራል፤ በዝርዝሩ የማይታየው የውጭ ግንኙነት፣ ሌሊት የሚሮጠው የባንክ ወይም የሂሳብ ሶፍትዌር ማስተላለፊያ፣ በአሮጌው መስክ እየጻፈ መሆኑን ለማወቅም መስኩን ከመሰረዝ አስቀድሞ ለአንድ ወር የኦዲት መዝገቡን ከፍቶ ማን እንደሚነካው ማየት ያስፈልጋል።